ብር አለ ከኪሴ፦ ኅብረ ቃልን አድኖ የመፍታት ዘዴ

(በቃል ከቀረበ ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። በአንድ ስንኝ እንጀምር። መጀመሪያ በዓይናችሁ ብቻ አንብቡት፤ ድምፅ አታውጡ።

ደመወዝ ደረሰ ደስ ይበላት ነፍሴ፣
ገና በማለዳ ብር አለ ከኪሴ።

ወሩ አልቆ ደመወዝ የተቀበለ ሰው ደስታ ነው። በማለዳ ተነሥቶ ኪሱን ቢዳብስ ብር አለ፤ ነፍሱም ደስ ይበላት። አሁን «አለ» የሚለውን አላልታችሁ አንብቡት፤ «ወፏ ብር አለች» እንደምንለው። ብሩ በማለዳ ከኪሱ በረረ! ደስታው ሙሾ ሆነ፤ ከተጻፈው ፊደል ግን አንዱም አልተነካ።

ድምፅ አታውጡ የተባለው ለዚህ ነው። ድምፅ የሚያወጣ ሰው ወይ ማጥበቅ ወይ ማላላት አለበት፤ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማድረግ አይችልም። ጽሑፉ ግን ይችላል። ዛሬ የምንነጋገረው በዚህ ላይ ነው፦ ፊደላችን የማይጽፋቸው ነገሮች አሉ፤ የኅብረ ቃል፣ ማለትም ባንድ ጽሕፈት ሁለት ትርጉም የሚያዝል ቃል፣ ዋሻዎችም እነርሱ ናቸው። እነዚህን ዋሻዎች በስም የሚያውቅ ሰው ወርቅ ፍለጋ ስንኙን ሁሉ አይቆፍርም፤ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ይፈትሻል።

ላይ ላዩን የሚታየው ትርጉም ሰም፣ የተሰወረው ወርቅ ይባላል፤ ስያሜው የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይመርገዋል፤ ጭቃው እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶው ቦታ ላይ ወርቁ ይፈስሳል። ከዚህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፦ ሰሙ የወርቁን ቅርጽ በትክክል መያዝ አለበት። ሰሙ ላይ ያለች ጭረት ወርቁም ላይ ትወጣለች። ስለዚህ «ሰሙ ተራ ነው፣ ዋናው ወርቁ ነው» የሚለው አነጋገር ለፈቺ አይጠቅምም። ወርቁን የምናገኘው ሰሙን አጥብቀን በማየት ነው። («ሰሙ» ራሱ ላልቶ ሲነበብ ሰም፣ ጠብቆ ሲነበብ መስማት መሆኑን ልብ ያለው ልብ ይላል።)

ወደ ስንኛችን እንመለስ። አፈታቱ እንዲህ ይሄዳል። በመጀመሪያ ሰሙን እስከ መጨረሻው አንብቦ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያስፈልጋል፦ «ደመወዝ ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ብር ያለው ሰው ደስታ»። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ቃላት አደን ይገባል፤ የሚስተውም ለዚህ ነው። ሰሙ በቃል ሲነገር የትኛው ቃል እንደ ጎረበጠ ይታወቃል። እዚህ የሚጎረብጠው «ከኪሴ» ነው። «በኪሴ» ወይም «ኪሴ ውስጥ» ማለት ሲቻል ለምን «ከ»? እርግጥ አማርኛ «ከቤት አለ» ይላል፤ ስሕተት የለውም። ነገር ግን «ከ» መነሻንም ያመለክታል። አንድ መስተዋድድ ለሁለት ጌታ ሲያገለግል ካያችሁ ኅብረ ቃሉ ከአጠገቡ ነው። እውነትም አጠገቡ «ብር አለ» ቆሟል።

«ገና» ላይ ደግሞ ወጥመድ አለ። ላልቶ «ገና በማለዳ»፣ ጠብቆ በዓሉ ገና። ነገሩን የቀመሰ ሁሉ መጀመሪያ የሚይዘው እርሱን ነው። ግን ይዞ የት ይደርሳል? የገና በዓል ለደመወዙም፣ ለኪሱም፣ ለነፍሲቱም የሚጨምረው ነገር የለም። ሁለት ንባብ ያለው ቃል ሁሉ ኅብረ ቃል አይደለም። ኅብረ ቃል የሚባለው ሁለተኛው ንባብ የስንኙን ሙሉ ሐሳብ ይዞ ሲገለበጥ ነው። አማርኛ ጠብቀውና ላልተው በሚለያዩ ቃላት የተሞላ ስለሆነ ይህን ፈተና የማያውቅ ሰው በየቦታው ወርቅ ያያል፤ እንዲህ ያለው ሰው ወርቅ ከማያየው ይልቅ ያደክማል።

ቦታን በተመለከተ አንድ ልማድ መጥቀስ ይጠቅማል። በሁለት መስመር ስንኝ የመጀመሪያው መስመር ብዙ ጊዜ ሰሙን ያደላድላል፣ ኅብረ ቃሉ በሁለተኛው ይመጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አድማጭ መጀመሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ካልተመራ የሚሳትበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ጊዜ ሲያጥራችሁ ከሁለተኛው መስመር ጀምሩ።

አሁን ወደ ዋሻዎቹ። የመጀመሪያው መጥበቅና መላላት ነው። «ዋና»፣ «ሰፊ»፣ «መላ» የተለመዱ ናቸው፤ «ጠላት» ሲላላ ባላጋራ፣ ሲጠብቅ «እርሷን ጠላት»፤ «በሬ» ሲላላ የሚያርሰው፣ ሲጠብቅ የቤቴ በር። እነዚህን አንድ በአንድ በቃል መያዝ ግን ማለቂያ የለውም። የሚጠቅመው ቤተሰባቸውን ማወቅ ነው። ከሁሉም ሰፊው ቤተሰብ «ይበላል» የሚለው ነው፦ ሲላላ እርሱ ይበላል፣ ሲጠብቅ እርሱ ራሱ ይበላል። ይመታል፣ ይሰማል፣ ይነካል፣ ይረሳል፣ ይፈታል ሁሉም እንዲሁ ናቸው። መቺና ተመቺ፣ ረሺና ተረሺ በአንድ ጽሕፈት ያድራሉ። ይህ የሚሆነው እንደ በላ፣ መታ፣ ሰማ ባሉ በሁለት ፊደል በሚጻፉ ግሦች ነው። በሦስት ፊደል ግሥ ላይ አትፈልጉት፤ «ይገድላል» እና «ይገደላል» ፊደላቸው ስለሚለያይ መደበቂያ የላቸውም። እንግዲህ «ይ» ብሎ የሚጀምር አጭር ግሥ ስታዩ፣ «ማን ማንን?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሰው ስም ደግሞ የዚህ ዋሻ ልዩ ጓዳ ነው፤ የስሞቻችን ብዙዎቹ ግሥ ናቸውና።

በጎቹን የሚያግድ አንድ ሎሌ ነበረ፣
በላቸው ይባላል አገር ተናገረ።

ሰሙ፦ የእረኛው ስም በላቸው ነው። ወርቁ፦ በጎቹን በልቷቸዋል ይባላል። «ለ»ን ማጥበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። እዚህ የሚያስደስተው ግን «ይባላል» ነው፤ እርሱ ሳይጠብቅም ሳይላላም ሥራውን ቀይሯል። በሰሙ ስም ይሰይማል፣ በወርቁ ወሬ ያወራል። ጎባጣው ሐረግ ደግሞ «አገር ተናገረ» ነው። የሎሌ ስም ለማወቅ የአገር ምስክርነት ማን ይፈልጋል? ሰሙ ላይ ከልክ በላይ የገዘፈ ሐረግ ወርቁ የተቀመጠበትን ያሳብቃል። ገጣሚው ይህን ቢያለዝበው ስንኙ ይበልጥ ይጠነክር ነበር፤ ለፈቺ ግን መልካም ፍንጭ ነው።

ሁለተኛው ዋሻ የቃል ድንበር ነው። ድሮ ቃልን ከቃል ሁለት ነጥብ ይለየው ነበር፤ ዛሬ ባዶ ቦታ ይለየዋል። ሁለቱም ግን የማይለያዩት ነገር አለ፦ ከቃል ጋር ተለጥፈው የሚጻፉ ቅጥያዎችን። ከኋላ «-ም» እና «-ስ»፣ ከፊት «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «የ»። «ወንድም» የእናት ልጅ ነው፤ ቢቆረጥ «ወንድ» እና «-ም»። «ለዛ» የአነጋገር ጣዕም ነው፤ ቢቆረጥ «ለ» እና «ዛ»፣ ማለትም ለዚያ። ስለዚህ በጥርጣሬ የሚታይ ቃል ሲገጥማችሁ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል በጣታችሁ ሸፍኑ። የቀረው ቃል ከሆነ ሥራችሁ ተጀመረ።

ብርድ ገባ መሰለኝ ሰውነቴ ራደ፣
ልብስ ከየት ይምጣ ወዳጅ ይዞት ሄደ።

ጣታችሁን «ስ» ላይ አድርጉ። የቀረው «ልብ» ነው። ሰሙ ብርድ የገባው ሰው ልብሱን ጓደኛው ይዞበት ሄዶ ሲንቀጠቀጥ ነው። ወርቁ «ልብስ? ልብማ ከየት ይምጣ፣ የወደድኩት ይዞት ሄዷል» የሚል አፍቃሪ ነው። «ራደ» ለብርድም ለፍቅርም ይሆናል፤ «ወዳጅ» ለጓደኛም ለፍቅረኛም ይሆናል፤ «ይዞት» ለሁለቱም ይስማማል። አንድም ቃል ሥራ ፈት አልቀረም።

እዚህች ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። «ልብስ» ሦስት ፊደል ብቻ ናት። ወርቁ ላይ ግን «ብ» ጠበቀ፤ ሳድሱ «ብ» በሰሙ ድምፅ አልባ የነበረው በወርቁ አናባቢ አገኘ፤ «ስ» ደግሞ ከቃሉ ተቆርጦ መጠይቅ ሆነ። ፊደላችን የማይጽፋቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም መጥበቅ፣ የሳድስ አናባቢና የቅጥያ ድንበር፣ በአንዲት ቃል ውስጥ ተገናኝተዋል። ከዚህም በላይ ቀለሟን፣ ማለትም ክፍለ ድምፆቿን፣ ቁጠሩ። ስንኙ የወል ቤት ነው፤ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም ይጠብቃል። «ልብስ ከየት ይምጣ» በሰሙ ሲነበብ አምስት ብቻ ነው፤ ያነክሳል። «ልብ-ስ» ተብሎ ሲነበብ ስድስት ይሞላል። ምጣኔው ራሱ ወርቁን መሰከረ! ለገጣሚ ይህ ጉድለት ነው፤ ለፈቺ ግን ከሰማይ የወረደ ሲሳይ። በጥንቃቄ የተገጠመ ስንኝ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀለም ከጎደለው፣ ገጣሚው አልቻለበትም ከማለታችሁ በፊት ያንን ሐረግ ፈትሹ።

ሦስተኛው ዋሻ የጠፉት የጉሮሮ ድምፆች ናቸው፤ ይህኛው በጆሮም አይያዝም።

መምህሩ ቢቆጣው ሰነፉን ተማሪ፣
አልቅሶ ተማረ ሆነና አክባሪ።

የሚጠብቅ የለም፣ የሚቆረጥ የለም። ጮክ ብላችሁ ብታነቡትም ሁለቱም ይሰማሉ። «ተማረ» ትምህርት ቀሰመ፤ «ተማረ» ምሕረት አገኘ። በግእዝ እነዚህ የተለያዩ ናቸው፦ ትምህርት በሃሌታው «ሀ»፣ ምሕረት በሐመሩ «ሐ»። አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ሲጥለው ሁለቱ ግሦች ባንድ ጎጆ ተገናኙ። «ሳለ» ይበልጥ የተጨናነቀ ነው። ሥዕል የሳለው ከሠዐለ፣ ጉንፋን ይዞት የሳለው ከሰዐለ፣ ቢላዋ የሳለው ከሰሐለ የመጡ ናቸው፤ ታቦት ፊት ቆሞ የተሳለው ደግሞ ከሰአለ። ስሙም እንዲሁ ነው፤ «ስለት» ለቤተ ክርስቲያን የሚገባ፣ «ስለት» የቢላዋ አፍ።

ከዚህ የሚወጣ ተግባራዊ ምክር አለ፦ ሁለት ፊደል ሆኖ በራብዕ የሚጀምር ግሥ ስታዩ (ሳለ፣ ማረ፣ ላከ፣ ሳመ) አንድ የጉሮሮ ድምፅ እንደ ተዋጠ እወቁ። የተዋጠው ድምፅ አንዱን ቃል ከሌላው ይለይ የነበረ ሊሆን ይችላል። ሁሉም መንታ አይደሉም፤ ሁሉም ግን ሊጠየቁ ይገባል።

የፊደል አጻጻፍ ጣጣም እዚህ ይመጣል። «ሣለ» ብሎ በንጉሡ «ሠ» የጻፈ ገጣሚ ሥዕሉን አሳብቆ ቢላዋውን ደብቋል። ስለዚህ ስንኝ ስትፈቱ በሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ በሠና ሰ፣ በአና ዐ፣ በጸና ፀ መካከል ያለውን ልዩነት ለጊዜው ርሱት። ስትገጥሙ ደግሞ ለሁለቱም ንባብ የሚበቃውን የተለመደ አጻጻፍ ምረጡ። አርታኢ ሆናችሁ የሌላውን ሰው ግጥም የምታርሙ ከሆነም ፊደል ከማቃናታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ፤ በቅን ልቦና የታረመች አንዲት ፊደል ሙሉ ቅኔ ገድላ ታውቃለች።

የተማሪው ስንኝ ማስረጃው የት ነው ለሚል፣ «አልቅሶ» ነው መልሱ። ሰው አልቅሶ አይማርም፤ አልቅሶ ግን ይማራል። (የዚህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ግሦች የለየ ሰው ንግግሩን እየተከተለ ነው።)

በእንግሊዝ አገር ለዚህ የቀረበ ጨዋታ አለ። የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ በአርተር ዊን ተጀመረ። ምስጢራዊ ፍንጭ የሚባለው ግን በብሪታንያ ያደገ ነው፤ ኤድዋርድ ፓውስ ማዘርስ «ቶርኬማዳ» በሚል የብዕር ስም ከ1926 እስከ 1939 በዘ ኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ አሠልጥኖታል። የአንድ ፍንጭ አካል ሁለት ነው፦ የቃሉ ትርጉም፣ እና ቃሉን በጨዋታ የሚሠራ ሐረግ። ትርጉሙ አብዛኛውን ጊዜ በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ የፊደል ቁጥርም ይሰጣል። በ1939 ቶርኬማዳን የተካው «ዚሜኒስ» ያጠበቀው ሥርዓት ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ትክክለኛ ትርጉም፣ ፍትሐዊ ጨዋታ፣ ከነዚህ ሌላ ምንም።

«ሌላ ምንም» የምትለዋ ለእኛም ትሠራለች። ዝምድናው ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። ከእንግሊዝኛው ፈቺ ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ ፊደል ማዘበራረቅ ነው። የእኛ ፊደል አናባቢውን አዝሎ ስለሚሄድ ሲዘበራረቅ ቃል የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው፤ «ሰራ» ተገልብጦ «ራሰ»፣ «በራ» ተገልብጦ «ራበ» ይሆናል፤ ከሁለት ፊደል ሲያልፍ ግን ይነጥፋል። እነርሱ ፊደል ያተራምሳሉ፤ እኛ ፊደሉን ሳንነካ ድምፁን እንቀይራለን። በእነርሱ ሰሙ ተፈትቶ ይጣላል፣ መልሱ አንድ ቃል ብቻ ነው። በእኛ ሁለቱም ንባቦች እስከ መጨረሻ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

የሚበላሸው የት ነው? ብዙውን ጊዜ ትርፍ ቃል ላይ። «ማር አለኝ» የምትለውን ሐረግ ውሰዱ። «አለኝ» ጠብቆ ሲነበብ ማር ያለው ሰው ይናገራል። ላልቶ ሲነበብ አንድ በደለኛ መጥቶ «ማር!» አለኝ፣ ይቅር በል። ግሩም ነው። አሁን «ማር አለኝ በማሰሮ» በሉት። ማሰሮው ለማሩ ይጠቅማል፤ በደለኛውን ግን የት ያደርሰዋል? ወርቁ ማሰሮው ላይ ተሰበረ። «ማር አለኝ ከደጄ» ቢባል ግን ሁለቱም ይቆማሉ፤ ማሩም ከደጅ፣ ይቅርታ ጠያቂውም ከደጅ። አንድ መፍትሔ ትክክል መሆኑን የምታረጋግጡት በዚህ ነው፦ ወርቁን መልሳችሁ ስንኙ ውስጥ አስገቡና የቀሩትን ቃላት አንድ በአንድ «አንተስ ምን ትሠራለህ?» በሏቸው። አንዱ እንኳ መልስ ካጣ ወይ ፈቺው ተሳስቷል፣ ወይ ገጣሚው።

ቀጥሎ የሚበላሸው ሰዋስው ላይ ነው። ወርቁ በፆታ፣ በቁጥርና በጊዜ መስማማት አለበት። «ጠላት» የሚለውን «እርሷን ጠላት» ብሎ ለመፍታት የምትጠላ አንዲት እርሷ በስንኙ ውስጥ መኖር አለባት። ከሌለች ፈጥራችሁ አታስገቡ።

አንዳንዴ ደግሞ የሚታደን ቃል ጭራሽ የለም። ውስጠ ወይራ በሚባለው ስልት ሐሳቡ በሙሉ ለሌላ ነገር ምሳሌ ሆኖ ይቀርባል እንጂ አንድ መንታ ቃል አይኖረውም፤ እዚያ ፊደል መሸፈን ጊዜ ማባከን ነው። የሚጠየቀው «ለማን ተባለ፣ መቼ ተባለ» ነው። ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን በግልጽ የሚቆሙበት ስልትም አለ፤ «ፀሐይ ፊትሽ ወጣ» ሲባል ፀሐይ ሰም፣ ፊትሽ ወርቅ ነው። ያም አይታደንም፤ ፊት ለፊት ቆሟልና።

በዜማ የሚሰማ ስንኝ ሌላ መላ ይፈልጋል። አዝማሪ «ተቀበል!» ሲባል የተሰጠውን ስንኝ ደጋግሞ ያዜመዋል። ዜማው ድምፅ ስለሚጎትት የጠበቀው ከላላው በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ሰሙን ብቻ ያዙ፤ በሁለተኛው አዝማሪው የት ላይ እንደሚያዘገም አድምጡ። እየሣቀ የሚያዘግምባት ቃል አብዛኛውን ጊዜ እርሷ ናት።

ለመለማመድ የሚሻለው መግጠም ነው። አንድ መንታ ቃል ምረጡ፤ ሁለቱን ትርጉሞች በሁለት ዓምድ ጻፉ፤ በየትርጉሙ ሥር አብረውት የሚውሉ አሥር አሥር ቃላት ደርድሩ። ከዚያ በሁለቱም ዓምድ የሚገኙትን ብቻ ለዩ። «ወዳጅ»፣ «ራደ»፣ «ከ» የተገኙት እንዲህ ነው። ስንኙን የምትሠሩት ከነዚህ የጋራ ቃላት ነው፤ ከሦስት በታች ከሆኑ ቃሉን ተዉትና ሌላ ፈልጉ። ሥራው አድካሚ ነው። ከአምስት ስድስት ሙከራ በኋላ ግን የሌላው ሰው ስንኝ ውስጥ የጋራ ቃላት በራሳቸው ጎልተው መታየት ይጀምራሉ።

«ፍቺ» የሚለው ቃል ራሱ የቅኔ መፈታትም የባልና ሚስት መለያየትም ነው፤ ያንን ለሌላ ቀን እናቆየው። አሁን የሚከተለውን ይዛችሁ ሂዱ። የሚጠብቀው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ የሚቆረጥ የለም።

ረሀቤን ብነግረው ያን ባለጸጋ ሰው፣
ለምን ብሎኝ ሄደ እንባዬን ሳላብሰው።